ዕጣን ያጨሰው ማነው?

«እናንተ ቤት ዕጣን ያጨሰው ማነው? ዛሬ ምን በዓል ነው?»

እማማ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ የእሳቸውን ግቢና የእኛን የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። መስከረም አጋማሽ ላይ፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። እኛ ቤት ዕጣን አልጨሰም፤ ቡናም አልተፈላም። «እማማ፣ አበባው ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። ዞረው በበር ገቡና ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ደረቅ ደረቁን እየረገጡ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጠው ቅጠላም ነገር ሥር ቆሙ። አሸተቱ። ዝም አሉ። ደግመው አሸተቱ።

«ምን ይሉታል ይኼን?»

«ዝንጅብል።»

«ሂጂ ወዲያ! ከእኔ ጋር ቀልድ ጀመርሽ?»

አልቀለድኩም። የእማማ ጓዳ ውስጥ አራት ዘመዳሞች ተቀምጠዋል። ዝንጅብሉ አለ፤ ለአልጫ የሚሆነው እርድ አለ፤ በርበሬውና የሚነጠረው ቅቤ ውስጥ የሚገባው ኮረሪማ አለ፤ ሻይ ላይ ጣል የሚደረገው ሄል አለ። አራቱም ከ1,500 በላይ ዝርያ ያለው የአንድ ትልቅ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ቤተሰቡም የሚጠራው በዝንጅብል ስም ነው። እኛ ከሁለቱ ከመሬት በታች ያለውን፣ ከሁለቱ ደግሞ ፍሬውን እንበላለን። አበባቸውን ግን አናውቀውም። የወጡ ዝንጅብል ለዘመናት እየተቆረሰ ሲተከል ስለኖረ ማበቡን የተወ ያህል ነው፤ አልፎ አልፎ ቢያብብም ልብ የሚለው የለም። ለአበባቸው ብቻ የሚተከሉ ዝንጅብሎች እንዳሉ እኔም ቢሆን የአክስቴ ልጅ ካልሲ እስኪፈታ ድረስ አላውቅም ነበር።

ካልሲው የወንድ ካልሲ ነው፤ ጥቁር፣ ወፍራም። የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ኖራ ኖራ፣ በ2011 ዓ.ም. ለጥምቀት ስትመጣ ከሻንጣዋ መሀል መዝዛ አወጣችው። ውስጡ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አምስት ቁራጮች ነበሩ። ሥር ይመስላሉ፤ ግን ሥር አይደሉም። ከመሬት በታች አግድም ተኝቶ የሚሄድ ግንድ ነው፤ እንደ ድንች ዓይን ዓይን አለው፤ ከእያንዳንዱ ዓይን ቡቃያ መውጣት ይችላል። እዚያ የአትክልት ፍቅር ያለባቸው ሰዎች «ብርድ የሚችሉ ዝንጅብሎች» እያሉ እንደሚያሳድዷቸው፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚቀናናባቸው ነገረችኝ። ፈቃድ የለ፣ የጤና ምስክር ወረቀት የለ፤ በካልሲ ገቡ። ያኔ ሳቅን። እ.ኤ.አ. በ2012 የደቡብን የዝንጅብል ማሳ ያወደመው የባክቴሪያ አጠውልግ በሽታ፣ ጤነኛ በሚመስል የዘር ቁራጭ ውስጥ ተደብቆ እንደሚጓዝ ያወቅኩት ቆይቼ ነው። የእኔዎቹ ንጹሕ ሆነው መገኘታቸው ዕድል እንጂ ብልሃት አልነበረም።

ልትመለስ ስትል ትእዛዝ ሰጠችኝ። «ክረምት ሲገባ ውሃ አቁሚለት። ላስቲክ አልብሺው። ክረምት ላይ እርጥበት ካገኘው ይበሰብሳል፤ ይተኛበት፣ አትቀስቅሺው።»

እኔ ደግሞ ታዛዥ ነኝ። የካቲት ላይ ተከልኩ፣ በጀሪካን አጠጣሁ፣ ሚያዝያ ላይ ጦር የመሰለ ቡቃያ ወጣ፣ ግንቦት ላይ ቅጠሉ ተዘረጋ። ሰኔ ማብቂያ ላይ ክረምቱ ገባ። ሄጄ ላስቲክ ገዛሁ፤ በአራት በኩል እንጨት ተክዬ ወጠርኩት፤ ጎርፉ እንዳይገባ ዙሪያውን በድንጋይ ከደንኩ። ሐምሌን ሙሉ የሰው በቆሎ አጥር ሲያልፍ የእኔ ዝንጅብሎች በላስቲክ ሥር ቢጫ ሆኑ፤ ጫፋቸው ተጠቀለለ። ሰማይ ተቀዶ እየፈሰሰ በውሃ ጥም የሞተ ተክል ያለው ሰው በባሕር ዳር ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ነሐሴ ላይ ፎቶ ላኩላትና ደወለች።

«ምነው ደረቀ? ላስቲኩ ምንድን ነው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ ክረምት ላይ አልብሺው ያልሽኝ?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ ሳቋ መጣ። «እታለም! እኔ ያልኩሽ እኮ የበረዶውን ክረምት ነው!»

እሷ አገር ክረምት ማለት ታኅሣሥና ጥር ነው። እኛ ዘንድ ያን ጊዜ በጋ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ከጣና የሚመጣው የማለዳ ነፋስ ጋቢ የሚያስደርብ። ላስቲኩን የዚያኑ ቀን ገፈፍኩት። ከአምስቱ ሦስቱ ተረፉ።

የሚገርመው፣ በዚህ ጉዳይ ትክክል የነበረው የእኛ ክረምት ነው። እነዚህ ዝንጅብሎች ከሂማላያ ተራሮች ግርጌና ወገብ የመጡ ናቸው፤ እዚያ ዝናቡ የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ ልክ እንደ ጎጃም። ቅዝቃዜው ሲመጣ መሬቱ ይደርቃል። ስለዚህ ደርቆ መተኛት፣ ርሶ መነሣት ነው የለመዱት። እንግሊዞች ላስቲክ የሚያለብሱት የእነሱ ቅዝቃዜ እርጥብ ስለሆነ ነው፤ ተክሉን የሚገድለው ብርዱ ብቻ ሳይሆን ብርድና ጭቃ አንድ ላይ ሲመጡበት ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ በታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ብትወርድም፣ መሬቷ በረዶ አይሠራም። እዚህ ጥንካሬ የሚፈተነው በሌላ ነው። ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ግንቦት ጠብ የሚል ውሃ ከተገኘ ስጦታ ነው፤ ዋልካው ተሰነጣጥቆ እጅ ያስገባል። እንደ እኛ ግቢ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ከሆነ፣ ሙቀቱ ከታችም ይመጣል።

ከተረፉት አንዱ ትንሹ ነበር፤ ሮስኮያ ይባላል። ቁመቱ ከክንድ አያልፍም፤ አበባው ሐምራዊ፣ ኦርኪድ የሚመስል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1802 የሊቨርፑል የእጽዋት ሥፍራ እንዲከፈት ከተጉት አንዱ ከሆነው ከዊልያም ሮስኮ ነው። ሰውየው በባሪያ ንግድ በከበረች ከተማ ተወልዶ ያንን ንግድ ሲቃወም የኖረ ነው፤ ተክሉን የወደድኩት ገና ሳያብብ በዚህ ታሪክ ነው። ግን ባሕር ዳር አልተስማማውም። ሦስት ሺህና አራት ሺህ ሜትር ላይ የሚኖሩ ዘመዶች ያሉት የደጋ ልጅ ነው፤ ሚያዝያ ላይ አፈሩ ሲግል ከውስጥ እየቀለጠ ሄደ። የቀረችውን አንዲት ቁራጭ ደብረ ታቦር ላለችው እህቴ ላክሁላት፤ እዚያ 2,700 ሜትር ገደማ ነው። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ፎቶ ትልክልኛለች፤ ፎቶው ሥር ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነገር ትጽፋለች፤ «ያንቺ ሰውዬ ደኅና ነው።»

የቀሩት ሁለቱ ናቸው ግቢውን የወረሱት። ሁለቱም ሄዲኪየም ይባላሉ፤ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ።

ቢጫው የሃዋይ ነገሥታት ፊት ይያዝ በነበረው የላባ ዓርማ በካሂሊ ስም ይጠራል። አንድ ዘንግ ላይ ደርዘን ደርዘን ቢጫ አበባ ይደረድርና ከእያንዳንዱ ውስጥ ረጅም ቀይ ክር ያወጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት ዘንጉ ራሱ የሚነድ ይመስላል። ነጩ የኩባ ብሔራዊ አበባ ነው። እማማን ያታለለው እሱ ነው።

የነጩን አበባ አንድ ቀን በእጅ ባትሪ ቁጭ ብዬ አየሁት። ሲመሽ ነው የሚከፈተው። መጀመሪያ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከዚያ በሩብ ሰዓት ውስጥ ይላቀቅና ክንፉን የዘረጋ ቢራቢሮ ይሆናል። ትልቁ ነጭ ክንፍ አበባ ቅጠል ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ወንዴ ዘር መሸከሙን ትተው የተዋሐዱ ክሮች ናቸው። ዘር የሚሸከመው አንድ ብቻ ቀርቷል። የሴቴዋ ክር ደግሞ ብቻዋን መቆም ስለማትችል በዚያ በአንዱ ወንዴ ሁለት ከረጢቶች መካከል፣ መርፌ ዓይን ውስጥ እንደገባ ክር አልፋ፣ ጫፏን ብቻ ብቅ ታደርጋለች። በጥፍሬ ጫፍ ስነካት ዱቄቱ ጣቴ ላይ ቀረ። ባትሪውን ሳጠፋ አንድ ትልቅ የእሳት እራት ጆሮዬ አጠገብ እየተርገበገበ አለፈ፤ ሽታው የተሰናዳው ለእሱ እንጂ ለእኔና ለእማማ አልነበረም። በነጋታው እኩለ ቀን ላይ አበባው እንደ ረጠበ ሶፍት ተልፈስፍሷል፤ ሲመሽ ከጎኑ ሌላው ይከፈታል።

አተካከሉ ቀላል ነው፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ጥልቅ አይቀበርም፤ ጀርባው ከአፈሩ ብቅ ቢል ይመርጣል። ፍግ ይወዳል። ረፋድ ላይ ፀሐይ፣ ከሰዓት ጥላ። በጋውን ወፍራም የሣር ጉዝጓዝ ካገኘ በሳምንት አንድ ጀሪካን የልብስ እጣቢ ይበቃዋል፤ ባያገኝም ቅጠሉን ይጥልና ይተኛል እንጂ አይሞትም። አንድ ዘንግ አንዴ ካበበ ሁለተኛ አያብብምና ከሥሩ ይቆረጣል። ምስጥ አይነካውም። ፍልፈል ሞክሮት ተወው። የእማማ ዶሮዎች ጫሩት፤ የጫሩት ቁራጭ በወደቀበት በቀለ። አምስተኛው ዓመት ላይ፣ ከአንድ የካልሲ ቁራጭ የተነሣው ነጩ፣ አጥሩን ተከትሎ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄዷል። እኔም ሰው በመጣ ቁጥር «ይኼውልህ፣ ምንም አያሸንፈውም» እያልኩ እመጻደቅ ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ቦታ ስለጠበበ ከፋፈልኩት፤ የተረፈውን ቁርጥራጭ ከግቢው ውጭ ከቆሻሻው ክምር ጎን ጣልኩት። ክረምቱ መጣ፤ ጎርፉ እንደ ልማዱ መንገዱን አጠበው። መስከረም ላይ የአደይ አበባ ልለቅም ስወርድ፣ ከበራችን ስድሳ እርምጃ ያህል ርቆ፣ የጎርፍ መውረጃው ቦይ ውስጥ፣ የማውቀው ቅጠል ቆሞ አየሁ። በደስታ ሰላም ልለው ምንም አልቀረኝም። ጎትቼ ልነቅል ስል እምቢ አለኝ፤ ድንጋዩ ሥር ገብቶ ይዟል። በሁለት እጄ አንፈራጥጬ ስስበው አውራ ጣት የሚያህሉ ሦስት አዳዲስ ዓይኖች ይዞ ተነቀለ። ሌላም አየሁ ወረድ ብሎ። ከእሱም ወረድ ብሎ ሌላ።

ቦዩ የሚያልቀው ጣና ነው። ከቤታችን በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም።

እምቦጭን ያላየ የባሕር ዳር ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ መታየቱ ከተነገረ ወዲህ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል፣ ዓሣ አጥማጁንም ከብት አርቢውንም አስለቅሷል። እኔም አንድ ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር በመኪና ተጭኜ ሄጄ፣ ወገቤ ድረስ ገብቼ ነቅያለሁ። ቀኑን ሙሉ ነቅለን ከዳር ስንከምር ዋልን፤ ማታ ዞር ብዬ ሳይ የነቀልንበት ቦታ ከሰፊው አረንጓዴ ላይ በጥርስ የተገመጠ እንጀራ ያህል ነበር። በተመቸው ጊዜ በሁለት ሳምንት እጥፍ ይሆናል። ያን ቀን አንዲት ልጅ አበባውን ቆርጣ ፀጉሯ ላይ ሰክታ ፎቶ ተነሣች፤ አንዳንዱ ተቆጣት። እኔ ግን አልፈረድኩባትም፤ ሐምራዊ ሆኖ መሀሉ ላይ የጣዎስ ላባ ዓይን የመሰለ ቢጫ ነጥብ አለው፣ ያምራል። ከአማዞን ተነሥቶ አፍሪካ የደረሰውም በዚሁ ውበቱ ነው፤ ለኩሬ ማስጌጫ ብለው ሰዎች ይዘውት ዞሩ። በሻንጣ ይሁን በካልሲ እንጃ።

ያን ማታ ቁጭ ብዬ ስለ ሁለቱ ተክሎቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከአምስት ዓመት በፊት ማንበብ የነበረብኝን። ቢጫው ካሂሊ በዓለም ላይ እጅግ አስቸጋሪ ከተባሉ 100 ወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ስሙ አለ። ሃዋይን፣ አዞረስን፣ ሬዩንየንን ወሯል፤ ደን ውስጥ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ የዛፍ ቡቃያ እንዳይወጣ ያደርጋል፤ በኒውዚላንድ መሸጡም ማባዛቱም ክልክል ነው። ቀይ ፍሬውን ወፎች ይበሉና ይበትኑታል። ነጩ ደግሞ የወንዝና የረግረግ ዳር ወዳጅ ነው፤ ቁራጩ በውሃ ተወስዶ ባረፈበት ይበቅላል። ደንገል የሚቆረጥበትን፣ ታንኳ የሚታሰርበትን የጣናን ዳር አሰብኩ። ይህን ተክል በምናቤ እዚያ ማስቀመጥ ከባድ አልነበረም፤ በጣም ይስማማዋል።

ከቁራጮቹ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ የአክስቴ ልጅ በትልቁ የጻፈችው «ጠንካራ» የሚለው ቃል ያን ማታ ሌላ ሆኖ ተነበበኝ።

ነጩን ጥቅምት ላይ ነቀልኩት። አንድ የቀን ሠራተኛ ቀጥሬ በዶማ ሦስት ቀን ፈጀብን፤ የጓሮውን የድንጋይ ንጣፍ ሳይቀር አንሥተን ሥሩን ፈለግን፣ ሥሩም ነበር። አራት ጆንያ ሞላ። ጆንያውን ቆርቆሮ ጣሪያው ላይ አውጥተን የበጋው ፀሐይ እንዲያደርቀው እስከ ጥር ተውነውና አቃጠልነው። ሲነድ እንኳ ትንሽ ደስ የሚል ሽታ ነበረው። ቦዩን ደግሞ እስከ ታችኛው ድልድይ ድረስ ሁለት ክረምት ተመላልሼ ለቅሜያለሁ፤ አሁንም መስከረም በመጣ ቁጥር እወርዳለሁ። ቢጫውን ጨርሶ መተው አልቻልኩም። በግማሽ የተቆረጠ በርሜል ውስጥ አስገብቼ ሲሚንቶ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ አበባው እንደጠወለገ፣ ፍሬ ሳይዝ፣ ራሱን እቆርጠዋለሁ። ይህን ስጽፍ ራሴን ነፃ እያወጣሁ አይደለም። አንድ ዓመት ከረሳሁ ወፎቹ አይረሱም።

እማማ ተቀየሙኝ። «ዕጣኑን ነቀልሽው አሉ?» አሉኝ በአጥሩ ላይ፤ ለሁለት ሳምንት ያህልም ሰላምታቸው አጠረ። የእምቦጩን ነገር ባስረዳቸው «እሱ የውሃ ነው፤ ይኼ የመሬት ነው» ብለው ዘጉት።

ባዶው መደብ ግን ዓይን ይወጋ ነበር። የዚህ ቤተሰብ የአገር ልጆችን መፈለግ የጀመርኩት ያኔ ነው። ሲፎኖኪለስ ኤቲዮፒከስ የሚባል አለ፤ ስሙ ራሱ ኢትዮጵያዊ ማለት ነው፤ ከሴኔጋል እስከ እኛ፣ ወደ ደቡብም እስከ ደቡብ አፍሪካ ይገኛል። በጋውን ሙሉ ከመሬት በታች ተኝቶ፣ ዝናቡ ሲጀምር ሐምራዊ አበባውን ከአፈሩ ላይ ዘርግቶ ይነሣል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለሳልና ለጉንፋን እየተቆፈረ፣ ከክዋዙሉ ናታል የዱር መሬት እስከ መጥፋት ደርሷል። ከዱር ቆፍሬ ላመጣው አልፈለግሁም፤ በችግኝ የሚሸጥ እስካገኝ መጠበቅ ይሻላል።

ያገኘሁት ኮረሪማን ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤተሰብ ጥየቃ ቦንጋ ሄዶ፣ ከእናቱ ጓሮ አንድ ቁራጭ አመጣልኝ። በዚህኛው ጊዜ አልቸኮልኩም፤ ዓመት ሙሉ ከሌላው ተለይቶ በሥዕል ቀለም ባልዲ ውስጥ ለብቻው ተቀመጠ። ቦንጋና ባሕር ዳር በከፍታ እምብዛም አይለያዩም፤ ስለዚህ ይመቸዋል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ከፋ ዝናቡ አብዛኛውን ዓመት አይጠፋም፤ ኮረሪማ የጎጃምን በጋ የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። የካቲት ላይ ቅጠሉ ጫፍ ጫፉን ተቃጠለ፤ ማንጎው ጥላ ሥር አዛወርኩት፤ ቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በየሁለት ቀኑ ውሃ ይፈልጋል። የባዕዱ በእጣቢ ጠግቦ አጥር ሲያልፍ፣ የአገሬ ልጅ እንደ ሙሽራ ተይዞ ገና ጉልበቴ ላይ ነው። እማማም ኩርፊያቸውን ረስተው፣ ሩዝ ያጠቡበትን ውሃ በሃይላንድ እየሞሉ በአጥሩ ላይ ያቀብሉኛል። «ለዚያ ለበሽተኛሽ» ይሉኛል።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ጉዝጓዙን ገለጥ ሳደርግ፣ ከግንዱ አንድ ጣት ራቅ ብሎ፣ አፈሩን ሰንጥቆ የወጣ ነገር አየሁ። ኮረሪማ አበባውን አናቱ ላይ አይሰቅልም፤ ከሥሩ ከመሬት ላይ ነው የሚያወጣው። አንድ ብቻ ነበር፤ ነጣ ያለ ወይን ጠጅ፣ ቀጭን፣ ጠዋት የረገፈ ጠል የያዘ። ሮጬ እማማን ጠራኋቸው። ወገባቸውን ይዘው፣ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ተንበረከኩ። አፍንጫቸውን አስጠጉ። ቆዩ። ደግመው ሞከሩ።

«ይኼስ ምንም አይሸትም» አሉ። «ዕጣኑ የት አለ?»

«ቅቤ ሲነጠር ነው፣ እማማ።»

«እንዲያ በይኛ» አሉና፣ እንዳነሣቸው እጃቸውን ዘረጉልኝ።